ሱዳን ስትከፈል

ባለፈው ሳምንት ቤታችን ውስጥ ለዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሂተር አበራሁ። ኮሎምበስ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ በጋውን ሙሉ ቱቦ ውስጥ ተኝቶ የከረመው አቧራ በአንድ ጊዜ ይቃጠልና ቤቱ ለትንሽ ጊዜ የደረቅ አፈር ሽታ ይሸታል። ባለቤቴ መስኮት ሊከፍት ሲነሳ "ተወው፣ ትንሽ ይቆይ" አልኩት። ለእኔ ያ የጋሼ ኡስታዝ ቤት ሽታ ነው።

የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ኖርዝላንድ፣ ከሞርስ ሮድ ገባ ብሎ ያለ አፓርትመንት፣ ላይኛው ፎቅ ላይ እንኖራለን። አባቴ የጭነት መኪና እየነዳ ከስቴት ስቴት ስለሚዞር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እማዬ ፖላሪስ አንድ ትልቅ ሱቅ ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ትሠራለች። የትምህርት ቤቱ ባስ ሲያወርደኝ እሷ ሥራ ገብታለች። ስለዚህ እኔ የምገባው እኛ ቤት ሳይሆን ከእኛ በታች ያለው ቤት፣ ጋሼ ኡስታዝ ዘንድ ነበር።

ስማቸው ሐሰን ነው። የኦምዱርማን ሰው ናቸው፤ ኦምዱርማን ከካርቱም በወንዝ ብቻ የምትለይ ከተማ መሆኗን ያወቅሁት ከእሳቸው ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሁለተኛ ደረጃ ጂኦግራፊ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ልጃቸው አሜሪካ አመጣቻቸው። ልጅቷ በኋላ ባሏን ተከትላ ሌላ ስቴት ስትገባ "አንዴ ነቅላችሁኛል፣ ሁለተኛ አልነቀልም" ብለው እዚሁ ቀሩ። እማዬ ያገኘቻቸው ላውንደሪ ክፍል ነው። ማሽኑ ሳንቲማቸውን ውጦባቸው በዓረብኛ ሲራገሙ ሰማችና በዓረብኛ መለሰችላቸው። እማዬ አሜሪካ ከመምጣቷ በፊት ወጣትነቷን ያሳለፈችው ካርቱም በስደት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ሐያት" ይሏታል። ስሟ ሕይወት ነው፤ ሐያት ማለት በዓረብኛ ያው ሕይወት ማለት መሆኑን ስላላወቅሁ እናቴ ከእኔ የደበቀችው ሌላ ስም ያላት ይመስለኝ ነበር።

"ሱዳኖች አስተማሪን ኡስታዝ ይላሉ፤ አንቺ ግን ጋሼ በያቸው" አለችኝ። ማንንም ላለማስቀየም ሁለቱንም አንድ ላይ አደረግኋቸው፤ ጋሼ ኡስታዝ።

የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር። የእሳቸው እንግሊዝኛ የእኔን አይመስልም፤ እያንዳንዱ ቃል ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ ታጥፎ የሚወጣ ዓይነት ነው። ሂተሩ መጀመሪያ የበራ ዕለት አፍንጫቸውን ወደ ቱቦው ቀና አደረጉና "ሀቡብ" አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ካርቱም ላይ ከምድረ በዳው የሚነሳ፣ እንደ ተራራ ቆሞ የሚመጣ አቧራ አለ። ሴቶች ልብስ ከገመድ ላይ ሊያነሱ ይሮጣሉ፣ እኩለ ቀን ይጨልማል፣ ሲያልፍ ሻይህ ውስጥ፣ ጆሮህ ውስጥ፣ ጥርስህ መሃል አሸዋ ነው። እኔ የገባኝ ያ አቧራ ከሱዳን ተነሥቶ በመሬት ውስጥ በቱቦ ተጉዞ እሳቸው ቤት እንደሚደርስ ነው። እኛ ቤት ሲሸት ደግሞ ከእሳቸው ተርፎ ወደ ላይ የወጣ መሰለኝ።

ፉል በሰሊጥ ዘይት ያበሉኝና የግሮሰሪ ማስታወቂያ ወረቀት ገልብጠው በጀርባው ሱዳንን ይስላሉ። እርሳሱን ሳያነሱ፣ በአንድ እስትንፋስ ነው የሚስሏት። ላይ በረሃው፣ በቀኝ የቀይ ባሕር ተራሮች፣ በግራ ዳርፉር፣ መሃል የገዚራ ጥጥ፣ ወደ ታች ሲኬድ ደግሞ ሱድ የሚባለው፣ አባይ መንገዱ ጠፍቶበት በቄጠማ ውስጥ የሚንከራተትበት ረግረግ። "ከአፍሪካ አገሮች ሁሉ ትልቋ" ይሉና እርሳሱን ያስቀምጣሉ። ደግመው ደጋግመው ቢስሏትም አንድ ጊዜ ተሳስተው አላየሁም።

ካርታው ላይ ያልተስማማነው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ከእኛ አገር የሚወጣውን ወንዝ እሳቸው ሰማያዊ ይሉታል፣ የትምህርት ቤት መጽሐፌም ሰማያዊ ይለዋል፣ እማዬ ግን ጥቁር አባይ ነው የምትለው። እናቴ ቀለም አታውቅም ብዬ አፍሬ ነገርኳቸው። ጋሼ ኡስታዝ ቆም ብለው አሰቡና "ሱዳን ውስጥ ጥቁር ሰውን ሰማያዊ እንለዋለን" አሉኝ። "እናትሽ አልተሳሳተችም። እኔም አልተሳሳትኩም። ወንዙ አንድ ነው።"

ጋሼ ገብርኤል የሚኖረው በኮሪደሩ ማዶ፣ በሩ ከጋሼ ኡስታዝ በር ፊት ለፊት ነው። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ በር ሲገባ የሚጎነበስ ረጅም ሰው ነበር። ግንባሩን ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚያቋርጡ መስመሮች አሉት። እኔ ሁልጊዜ ሐሳብ ላይ ያለ ሰው ነው ብዬ ነበር የማዝንለት። እማዬ ስታየው "የእኛው የጋምቤላ ኑዌር" መስሏት ነበር፤ ስሙም ገብርኤል ስለሆነ እኔ ለረጅም ጊዜ ኢትዮጵያዊ ነው፣ አማርኛ ስለሚያፍር ነው የማይናገረው ብዬ አምኜ ኖርኩ። ኑዌር መሆኑስ ኑዌር ነው፣ የግንባሩ መስመሮችም የኑዌር ወንዶች የሚበጡት ምልክት ናቸው፤ ግን የደቡብ ሱዳን ሰው ነው። ጦርነቱ በልጅነቱ ከቀየው አፈናቅሎ ካርቱም ያደረሰው፣ ከዚያም በግብፅ አድርጎ ኦሃዮ የገባ።

ከሥራ ሲመለስ ጋሼ ኡስታዝ ዘንድ ዶሚኖ ይጫወታሉ። ጠጠሩን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ የሚያስቀምጠው ገብርኤል ነው፤ ኡስታዝ ቀስ አድርገው ነው የሚገፉት። አንድ ቀን ካርታው ላይ ረግረጉ ጋ ረጅም ጣቱን አሳረፈና "ይኼ ረግረግ አይደለም ማርታ፤ የአጎቴ ከብቶች የሚውሉበት ግጦሽ ነው" አለኝ። ኡስታዝ "በመጽሐፍ ረግረግ ነው" አሉ። "መጽሐፉ በዝናብ ጊዜ መጥቶ ይሆናል" አለ ገብርኤል። ሁለቱም ሳቁ።

በዚያ ሰሞን እማዬ ለአባቴ በስልክ ስትነግረው ሰማሁ፤ "ሱዳን ልትከፈል ነው እኮ። በጃንዋሪ ይለይላታል።"

እኛ ቤት "ተከፈለ" የሚለውን ቃል የማውቀው በአንድ ትርጉም ነው። እማዬ ዓርብ ዓርብ "ዛሬ ተከፍያለሁ" ስትል ፒዛ ይመጣል። ስለዚህ በማግስቱ ሁለቱ ዶሚኖ ላይ እንዳሉ ገባሁና በእንግሊዝኛ "ሱዳን ደመወዟን ልትቀበል ነው አሉ፣ እንኳን ደስ አላችሁ" አልኳቸው።

"ከማን?" አሉ ጋሼ ኡስታዝ።

"አላውቅም። እማዬ ናት ያለችው። በጃንዋሪ።"

መጀመሪያ የገባው ገብርኤል ነው። ሳቁ ደረቱ ውስጥ ጀመረና ጠረጴዛውን ነቀነቀው። "ልጅቷ ልክ ናት ኡስታዝ" አለ። "ክፍያ ነው። ዘግይቶ ነው እንጂ።"

ጋሼ ኡስታዝ አልሳቁም። ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥናቸው መለሱ። ከዚያ በዓረብኛ ተነጋገሩ፤ ድምፃቸው ከፍ አላለም፣ ግን ሁለቱም አይተያዩም ነበር። እማዬ ከሥራ መጥታ ልትወስደኝ በሩ ላይ ስትደርስ ንግግሩ አላለቀም። ደረጃውን ስንወጣ ምን እንደተባባሉ ለመንኳት።

"ኡስታዝ 'ካርታዬን ልትቀደው ነው' አሉት" አለች። "እሱ ደግሞ 'ካርታው ያንተ ነው፣ እኔ መሬቱ ላይ ነበርኩ' አላቸው።"

ከዚያ መከፈል ማለት ለሁለት መለየትም መሆኑን፣ ሰሜኑና ደቡቡ እሷ ከመወለዷ በፊት ጀምሮ ሲዋጉ መኖራቸውን፣ አሁን ታርቀው የደቡቡ ሰው አብሮ ለመኖር ወይም ለብቻው ለመውጣት ድምፅ ሊሰጥ መሆኑን አስረዳችኝ። እኔ ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። ሁለቱን ያጣላኋቸው እኔ መሰለኝ።

ዶሚኖው ቀረ። ገብርኤል በኖቬምበር ለመራጭነት ምዝገባ ቺካጎ ደርሶ ተመለሰ፤ ለእኛ አካባቢ የሚቀርበው ጣቢያ እዚያ ነበር። ጋሼ ኡስታዝ መሄዱንም መመለሱንም እንዳላወቁ ሆኑ። በዲሴምበር ደግሞ ገብርኤል ፓርኪንጉ ላይ በረዶ አንሸራትቶት ቀኝ እግሩን ተሰበረ። እስከ ጉልበቱ ጄሶ አድርጎ፣ በክራንች ከአልጋ ሶፋ፣ ከሶፋ አልጋ ሆነ።

ጋሼ ኡስታዝ አልጠየቁትም። ግን በማግስቱ ፉሉን ሁለት ሳሕን አደረጉ። አንዱን በፎይል ሸፈኑና "ማዶ አድርሺ። ማን ላከው ካለሽ ማንም በይው" አሉኝ።

ገብርኤል በሩን በክራንቹ ጫፍ ገፋ አድርጎ ከፈተልኝ። "ማን ላከው?"

"ማንም።"

ቀመሰው። "ለማንም ንገሪው፤ ጨው አንሶታል።"

ተመልሼ እንዳለኝ ነገርኳቸው። በማግስቱ ጋሼ ኡስታዝ ጨው ሲጨምሩ አየሁ። እንዲህ እየሆነ ሳሕን ሲመላለስ ገና ደረሰ። እማዬም ድፎ ዳቦ ጋግራ ለሁለቱም ቆርሳ ላከች። ድምፅ መስጫው የተጀመረው ከገና በኋላ ባለው እሑድ ነው። ከኮሎምበስ የደቡብ ሰዎች በቫን ተሰብስበው ሲሄዱ የገብርኤል እግር አብጦ ነበርና ሐኪሙ ከለከለው። ሳምንቱ እየተገባደደ ሄደ። ሳሕን ሳደርስ ቴሌቪዥኑን እየተመለከተ አገኘዋለሁ። በስክሪኑ ላይ ሰዎች አቧራ ላይ ተሰልፈው ይዘፍናሉ። ድምፁን ዘግቶት ነበር።

ዓርብ ዕለት እማዬ ኦፍ ነበረች። በር ተንኳኳና ስንከፍት ጋሼ ኡስታዝ ናቸው። በጉልበታቸው ምክንያት ያንን ደረጃ ወጥተውት አያውቁም ነበር። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሶፋው ላይ ተቀመጡ።

"ሐያት፣ መኪናሽ ቺካጎ ትደርሳለች?"

"ትደርሳለች። ለምን?"

"ነገ የመጨረሻው ቀን ነው። ገብርኤል ነገ ካልሄደ አበቃ።"

እማዬ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። "ኡስታዝ፣ የትኛውን እንደሚመርጥ ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሻሹ። "እሱ እግሩ ተሰብሮ ስለቀረ አገሬ አንድ ብትሆን ምን ታደርግልኛለች?" አሉ።

እማዬ የቅዳሜ ሺፍት ነበራት። ሱፐርቫይዘሯን ኮል አድርጋ እንደማትገባ ነገረችው፤ ከዚያ በፊትም አስጠንቅቋት ነበር። ቀጥላ እንቁላል መቀቀል ጀመረች።

ጠዋት ስንነሳ በረዶ ይጥላል። ገብርኤል ወደ ሚኒቫኗ ሲመጣ ማን እንደላከን አልጠየቀም። ጋሼ ኡስታዝ የፊተኛውን ወንበር ወደ ኋላ ገፋ አድርገው እግሩን እንዲዘረጋ አመቻቹለትና እሳቸው ከእኔ ጋር ከኋላ ተቀመጡ። ደህና አደርክ፣ ደህና አደርክ ተባባሉ፤ ሌላ አልተናገሩም።

ኢንዲያና ውስጥ አገሩ ሁሉ ጠፍጣፋና ነጭ ሆነ። ከዚያ ከሜዳው መሃል ግዙፍ የነፋስ ኃይል ማማዎች ብቅ ብቅ አሉ። እኔ ይህን ሁሉ ብርድ የሚነፉት እነሱ ናቸው ብዬ አመንኩ። እማዬ መንገዱ እንዳያስተኛት ብላ ይመስለኛል ገብርኤልን ካርቱም የት እንደነበረ በዓረብኛ ጠየቀችው። ከከተማው ዳር፣ ተፈናቃዮች በጭቃና በጆንያ ቤት የሠሩበት ሰፈር እንደነበረ፣ ቡልዶዘር መጥቶ ሲያፈርሰው እንደገና እንደሠሩት፣ እንደገና እንደፈረሰ ነገራት። እሷ ዴም የሚባል የካርቱም ሰፈር እንደነበረች፣ የሰው ቤት ልብስ ታጥብ እንደነበር ነገረችው።

"ከሻ ይዞሽ ያውቃል?" አላት።

እማዬ ሳቀች። ከሻ ማለት ፖሊስ መታወቂያ የሌለውን ሰው ከመንገድ እያፈሰ በካሚዮን የሚጭንበት አፈሳ መሆኑን በአማርኛ ነገረችኝና ወደ ዓረብኛዋ ተመለሰች። አንዴ የታጠበ አንሶላ ውስጥ ተጠቅልላ እንደ ጓዝ ተኝታ ማምለጧን ስትነግረው ገብርኤል መስኮቱን በመዳፉ እየመታ ሳቀ። እሱ ደግሞ የሰርግ ሰልፍ ውስጥ ገብቶ እስከ ሙሽራው ቤት እየጨፈረ ሄዶ ማምለጡን ነገራት። ሳቃቸው መኪናውን ሞላው። እኔም ባይገባኝም ሳቅሁ።

ጋሼ ኡስታዝ ብቻ ሜዳውን ያዩ ነበር። ሳቁ ሲበርድ በእርጋታ ጠየቁ። ምን እንዳሉ እማዬ በኋላ ነው የነገረችኝ። "የዚያን ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?" ነው ያሉት።

"ኦምዱርማን" አለ ገብርኤል ወደ ኋላ ሳይዞር። "ወንዙ ማዶ። ለተማሪዎችህ ደቡብ ያለችውን ማላካልን በካርታ ታሳያቸው ነበር።"

"ማላካልን አይቻት አላውቅም" አሉ ጋሼ ኡስታዝ። "ያን ሁሉ ዓመት ሳሳይ አይቻት አላውቅም።"

ገብርኤል የተላጠ እንቁላል በትከሻው ላይ ወደ ኋላ አቀበላቸው። ተቀብለው በሉ።

ድምፅ የሚሰጥበት ቤት ከሩቅ ይሰማል፤ ከበሮና እልልታ ነበር። ትልልቅ ካፖርት ላይ ባንዲራ የደረቡ ሰዎች በረዶው ላይ ይዘላሉ። እማዬ መኪናውን ልታቆም ቦታ ስትፈልግ ጋሼ ኡስታዝ ወረዱ፤ ገብርኤልንም በብብቱ ደግፈው አወረዱት። መንገዱ ያንሸራትታል። ገብርኤል አንድ እጁን ክራንቹ ላይ፣ ሌላውን ኡስታዝ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ አጭሩና ረጅሙ እየተጎተቱ እስከ በሩ ሄዱ። እኔ ሁለተኛውን ክራንች ይዤ ከኋላ ነበርኩ። በሩ ላይ ኡስታዝ ቆሙ። "ከዚህ በኋላ ያንተ ነው" አሉት።

እማዬ መኪናዋን አቁማ ስትደርስ ገብርኤል ከእሷ ጋር ገባ፤ እኛ ደጁ ላይ ቀረን። ግድግዳው ላይ ሥዕል ተለጥፏል። አንዱ ላይ ሁለት እጆች ተጨባብጠዋል፣ ሌላው ላይ የተዘረጋ አንድ መዳፍ ብቻ አለ። ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"ማንበብ የማይችል ሰው እንዳይሳሳት ነው። ሁለቱ እጆች አንድነት ናቸው። አንዱ እጅ መለየት።"

"አንዱ እጅ ሃይ የሚል ነው የሚመስለው" አልኩ።

ጋሼ ኡስታዝ ሥዕሉን ደግመው አዩት። "ቻውም ሊሆን ይችላል" አሉ። ከዚያ "አንቺ ግን መጀመሪያ ያየሽው ሃይ ነው" አሉኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ እኔ ከብርዱ ነው ብዬ ስካርፌን ሰጠኋቸው። ሮዝ ነበር። አንገታቸው ላይ ጠመጠሙት።

ገብርኤል ሲወጣ ጣቱ እስከ መሃሉ ቀለም ነክቷል። ሰዎች እየተጠመጠሙ ሳሙት። ወደ እኛ ሲደርስ ጋሼ ኡስታዝን በሮዝ ስካርፍ አየና ቆመ።

"አበቃ?" አሉት።

"አበቃ።"

ጋሼ ኡስታዝ አጎንብሰው ጄሶው ላይ ያረፈውን በረዶ በእጃቸው ጠረጉለት። ገብርኤል ቁልቁል ያያቸው ነበር። ስንመለስ ከኋላ የተቀመጠው እሱ ነው፤ እግሩን ወንበሩ ላይ ዘርግቶ፣ ጭንቅላቱን ጋሼ ኡስታዝ ትከሻ ላይ ጥሎ እስከ ኦሃዮ ተኛ። እሳቸው ትከሻቸውን አላንቀሳቀሱም።

ውጤቱ ሲነገር ማንም አልተገረመም። እማዬ ከሥራ አልተባረረችም፤ ሱፐርቫይዘሯ ግን የወሩን ቅዳሜዎች ሁሉ እሷ ላይ ጣላቸው። ዶሚኖው ተመለሰ። በስፕሪንጉ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስገባ ሁለቱ አንድ የማስታወቂያ ወረቀት ላይ አጎንብሰዋል። ጋሼ ኡስታዝ እርሳሱን ይዘው ታች ደርሰው ቆመዋል። እንዲያ ሲቆሙ አይቼ አላውቅም። "ከዚህ ወዴት ይታጠፋል?" ሲሉ ገብርኤል የእጃቸውን አንጓ ያዘና እርሳሱን አብሯቸው ገፋ። መስመሩ ተንቀጥቅጧል። "እዚህ ጋ ገና አልተስማማንም" አለ፤ ኡስታዝ እዚያ ቦታ ላይ ነጠብጣብ አደረጉ።

አዲሱ አገር የተመሠረተው በጁላይ ነው። የኮሎምበስ የደቡብ ሰዎች አንድ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው በዓል አዘጋጁ። ገብርኤል ሁላችንንም ጠራን። እማዬ ለጋሼ ኡስታዝ "መሄዱ ቢቀርብዎትስ?" ብትላቸው ሸሚዛቸውን ለመተኮስ ገቡ። ሲወጡ ግን ሸሚዝ አይደለም የለበሱት። እስከ ቁርጭምጭሚታቸው የሚደርስ ነጭ ጀለቢያና ትልቅ ነጭ ጥምጥም፣ ኦምዱርማን ለዒድ የሚለብሱት ነበር።

በሩ ላይ ስንደርስ ሙዚቃው አልቆመም፤ ወሬው ግን ቆመ። በዚያ ቀለም ሁሉ መሃል እሳቸው ብቻ ነጭ ነበሩ። አንድ ወጣት ቀረብ ብሎ "ሐጅ፣ መንገድ ጠፍቶብዎት ነው?" አላቸው። ንግግሩ የትሕትና ነው፤ ፊቱ ግን አልነበረም። የእማዬ እጅ እጄን ጠበቅ አደረገው። ጋሼ ኡስታዝ ለወጣቱ ሊመልሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ገብርኤል በከዘራው እያነከሰ ሰዉን ሰንጥቆ ደረሰ።

"ማነው ሰውዬው?" አለው ወጣቱ።

ገብርኤል ጋሼ ኡስታዝን ከጥምጥማቸው እስከ ጫማቸው አያቸው።

"ጎረቤቴ ነው" አለ።

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ከጎኑ ያለው፤ ከዚያ ሳቁ ጠረጴዛ ከጠረጴዛ እየተሻገረ እስከ ከበሮዎቹ ደረሰ። ወጣቱ ራሱ ሳያስበው ሳቀ። ጋሼ ኡስታዝም ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ሳቁም አልቆም ብሏቸው የጥምጥማቸውን ጫፍ ፈትተው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ ምኑ እንደሚያስቅ አልገባኝም። በራቸው ፊት ለፊት ነው፤ በእርግጥም ጎረቤቱ ናቸው።

ከወጥ ድስቶቹ አጠገብ የቆመች አንዲት ትልቅ ሴት ጭልፋዋን ከፍ አደረገች። "ታዲያ ምን ታስቆሙታላችሁ" አለች፤ "ለጎረቤት ወንበር አምጡ እንጂ።"

አመጡላቸው። ከፊተኛው መደዳ፣ ከገብርኤል ጎን።